ፈርዲናንድ ፖርሼ፦ ቤንዚንን ከኤሌክትሪክ ያጣመረው መሐንዲስ

በነዳጅም በኤሌክትሪክም የሚሠሩ መኪኖች የዚህ ዘመን ግኝት ይመስላሉ። ነገር ግን ከ120 ዓመታት በፊት በኦስትሪያ መዲና ቪየና ታይተዋል። የሠራቸውም የቆርቆሮ ሠሪ ልጅ የነበረው ፈርዲናንድ ፖርሼ ነው።

ፖርሼ እ.ኤ.አ በ1875 በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ፣ ማፈርስዶርፍ በተባለች መንደር ተወለደ። አባቱ የእጅ ሙያቸውን እንዲወርስ ቢሹም የልጁን ልብ የሳበው ኤሌክትሪክ ነበር። ገና በወጣትነቱ የወላጆቹን ቤት በኤሌክትሪክ መብራት አበራ፤ በ18 ዓመቱም ወደ ቪየና አቅንቶ በኤሌክትሪክ ዕቃዎች ፋብሪካ ተቀጠረ።

ቆይቶም ለቤተ መንግሥት ሠረገላ ይሠራ ወደነበረው የሎህነር ድርጅት ተዛወረ። እ.ኤ.አ በ1900 በፓሪሱ የዓለም ዐውደ ርእይ፣ ሞተሮቹ በፊት ጎማዎቹ እምብርት ውስጥ የተገጠሙለት የኤሌክትሪክ መኪናው ለእይታ ቀረበ።

ፈተናው ባትሪው ነበር። የእርሳስ ባትሪ እጅግ ከባድ ነው፤ ኃይሉም ቶሎ ያልቃል። ፖርሼ መፍትሔውን በቤንዚን ሞተር አገኘ። ይሁንና ይህ ሞተር ጎማ አያዞርም፤ የሚያዞረው ጀነሬተር ነው። መብራት ባልገባበት መንደር ጀነሬተር አምፖል እንደሚያበራ ሁሉ፣ ከጀነሬተሩ የሚመነጨው ኤሌክትሪክ በጎማዎቹ ውስጥ ያሉትን ሞተሮች ያንቀሳቅሳል፤ ትርፉም ባትሪውን ይሞላል። ካምቢዮም አላስፈለገም። እ.ኤ.አ በ1902 ፖርሼ ራሱ እያሽከረከረ በኤክሰልበርግ ውድድር ድል ቀናው።

መኪናው ግን ውድና ከባድ በመሆኑ ገዢው ጥቂት ነበር። ፖርሼ እ.ኤ.አ በ1906 ወደ አውስትሮ ዳይምለር ሄደ፤ በ1931 ደግሞ በጀርመን ሽቱትጋርት የራሱን ቢሮ ከፈተ። በሂትለር መንግሥት ትእዛዝም ቮልስዋገንን ነደፈ።

የሕይወቱ ጥቁር ምዕራፍ የተጻፈውም በዚሁ ዘመን ነው። የናዚ ፓርቲ አባል ሆነ፤ በአመራርነት በተሳተፈበት የቮልስዋገን ፋብሪካም በጦርነቱ ወቅት በግዳጅ የተወሰዱ ሰዎች ይሠሩ ነበር። የወጣትነት ሐሳቡም ወደ ጦር ሜዳ ወረደ። በስሙ "ፈርዲናንድ" የተሰኘውና ቤንዚንን ከኤሌክትሪክ ያጣመረው ከባድ የጦር ተሽከርካሪ፣ እ.ኤ.አ በ1943 በኩርስክ ውጊያ ተሰለፈ።

ከጦርነቱ በኋላ በፈረንሳይ ለ20 ወራት ያህል ታስሮ ተለቀቀ፤ እ.ኤ.አ በ1951 በ75 ዓመቱ በሽቱትጋርት አረፈ። በናፍጣ ሞተር ኤሌክትሪክ እያመነጩ የሚጓዙ ባቡሮች ዛሬም የሚሠሩት እርሱ በመኪና ላይ በሞከረው መርሕ ነው። ታሪኩ የሚነሣው ግን በብልሃቱ ብቻ ሳይሆን፣ ብልሃቱ ለማን እንዳገለገለም ጭምር ነው።