የአምባሰልን ቅኝት ለዓለም የሙዚቃ ጥናት ያስተዋወቁት ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ሐይቅ ከተማን ያገኛል። ከተማዋ ስሟን የወሰደችው በአቅራቢያዋ ከሚገኘው ሐይቅ ሲሆን፣ ሥፍራው በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ባስፋፉት የእስጢፋኖስ ገዳም ትምህርት ቤት በታሪክ ይታወቃል። ጉዞው ወደ ሰሜን ሲቀጥል ደግሞ በ1881 ዓ.ም የውጫሌ ውል የተፈረመበት የአምባሰል ምድር ይመጣል።

አምባሰል የሚለው ስም ግን ከተራራውና ከወረዳው አልፎ በመላ አገሪቱ የሚታወቀው በዜማ ነው። በባህላዊው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ዋና ዋና ተብለው ከሚጠቀሱት አራት ቅኝቶች፣ ማለትም ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ውስጥ ሁለቱ ስማቸው ከወሎ ቦታዎች ጋር የተያያዘ ነው። በሠርጉ፣ በዓመት በዓሉና በመንዙማው ድምፁን የሚያሰማው የአካባቢው ሕዝብ ይህን ሀብት ለዘመናት ያቆየው በጽሑፍ ሳይሆን በጆሮና በቃል ነው። መሰንቆ መቺው ከአባቱ ወይም ከጎረቤቱ ይሰማል፤ ጭብጨባውንና የትከሻ ውዝዋዜውንም ልጆች ከታላላቆቻቸው እያዩ ይለምዳሉ።

ይህ የቃል ሀብት በዓለም አቀፍ የሙዚቃ ጥናት ውስጥ ተገቢውን ሥፍራ እንዲያገኝ ዕድሜያቸውን ከሰጡ ኢትዮጵያውያን ምሁራን አንዱ ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ ናቸው።

ፕሮፌሰር አሸናፊ በ1930 ዓ.ም በአዲስ አበባ ተወለዱ። ለሙዚቃ በነበራቸው ዝንባሌ ወደ አሜሪካ ተጉዘው በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሥር በሚገኘው የኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሩ፤ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውንም እ.ኤ.አ በ1962 አገኙ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ዛሬ በቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠራውን የሙዚቃ ትምህርት ቤት በማቋቋም ሥራ ተሳትፈው የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ።

በዚያን ጊዜ ዘመናዊ ሙዚቃ ማለት በብዙዎች ዘንድ ከአውሮፓ የመጣ ኖታ፣ ፒያኖና የነፋስ መሣሪያ ማለት ነበር። አዝማሪው በየግብዣው ቢፈለግም በክብር የሚታይ ባለሙያ አልነበረም። ከአንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ኃላፊ ፊት የተደቀነው ጥያቄ ቀላል አልነበረም። የአገሩ ወጣት የውጭውን ሙዚቃ ሲማር የራሱን ቅኝት ቢረሳ፣ በቃል ብቻ የኖረው ዜማ የሚተላለፍበት መንገድ ሊቋረጥ ይችል ነበር።

ፕሮፌሰር አሸናፊ ለጥያቄው መልስ የሰጡት በሥራቸው ነው። እ.ኤ.አ በ1967 ያቀረቡት “እረኛው ባለዋሽንት” የተሰኘው ድርሰታቸው የኢትዮጵያን የእረኛ ዜማ በአውሮፓ ኦርኬስትራ መሣሪያዎች የሚያሰማ ነው። ደራሲው የሃንጋሪን መንግሥት ኦርኬስትራ የመምራት ዕድልም አግኝተዋል። ሃንጋሪ ዞልታን ኮዳይና ቤላ ባርቶክ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንስቶ በየመንደሩ እየተዘዋወሩ የገበሬውን ዜማ የሰበሰቡባት አገር መሆኗ ይታወቃል።

ቀጣዩ የትምህርት ጉዟቸው በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት ወደሚገኘው ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ነበር። ዩኒቨርሲቲው የልዩ ልዩ ሕዝቦች ሙዚቃ ከአውሮፓው እኩል የሚጠናበት በመሆኑ የታወቀ ነው። የአሜሪካ ቀደምት ነዋሪዎችን፣ በተለይም የናቫሆን ሕዝብ ዝማሬ በማጥናት ስመ ጥር የሆኑት ፕሮፌሰር ዴቪድ ማክአሌስተር ያስተማሩትም በዚሁ ተቋም ነው። በናቫሆ ሕዝብ ዘንድ ዝማሬ፣ ጭፈራና የፈውስ ሥርዓት አይነጣጠሉም። ዘጠኝ ሌሊት የሚፈጀውን የሌሊት ዝማሬ ሥርዓት የሚመራው ሰው እጅግ ብዙ ዜማዎችን በቃሉ ለመያዝ ረጅም ዓመታት ይማራል። ከወሎ መሰንቆ መቺ ጋር በሃይማኖትም በቋንቋም ባይገናኝም፣ ዕውቀቱን በጆሮ ተቀብሎ በቃል ማስተላለፉ ያመሳስለዋል።

ፕሮፌሰር አሸናፊ በኢትዮጵያ ሙዚቃ ዕድገትና ባህላዊ መሠረት ላይ ባካሄዱት ጥናት እ.ኤ.አ በ1971 ከዌስሊያን የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። የአዝማሪዎችን ሙዚቃ በሸክላ እንዲቀረጽ አድርገዋል፤ በጽሑፎቻቸውም አራቱን ቅኝቶች ለውጭው አንባቢ አስረድተዋል።

አምባሰልን ከሌሎቹ የሚለየው የድምፆቹ አሰላለፍ ነው። ቅኝቱ እንደ ሌሎቹ ሁሉ አምስት ድምፆች አሉት። ከዶ ቢጀመር ሁለተኛው ድምፅ በግማሽ ብቻ ከፍ ያለ ሲሆን፣ ከዚያ ሰፊ እርምጃ ተወስዶ ፋ ላይ ይደረሳል። ቀጥሎ ሶል ይመጣል፤ አምስተኛውም ከሶል በግማሽ ድምፅ ብቻ ይርቃል። ጠባቡና ሰፊው እርምጃ እየተፈራረቁ መምጣታቸው ለአምባሰል ያን አንጀት የሚበላ ጠባዩን ይሰጠዋል። የክራር ተጫዋች ከትዝታ ወደ አምባሰል ለመሸጋገር ክሮቹን እንደገና መቃኘት ይኖርበታል፤ ቅኝት የሚለው ቃልም ከዚሁ ተግባር የመጣ ነው።

ምሁሩ ስለ መሣሪያዎቹና ስለ ተጫዋቾቹ ማኅበራዊ ሥፍራም ጽፈዋል። እ.ኤ.አ በ1977 ስለ ክራር ባሳተሙት ጥናት፣ በገና የዳዊት መሣሪያ ተብሎ ሲከበር ክራር የሰይጣን መሣሪያ ይባል እንደነበር በርዕሳቸው ጭምር አመልክተዋል። እ.ኤ.አ በ1982 የታተመው መጽሐፋቸው ደግሞ የአፍሪካንና የአፍሪካ አሜሪካውያንን ሙዚቃ ሥረ መሠረት የሚመለከት ነው።

በአሜሪካ ልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች ያስተማሩት ፕሮፌሰር አሸናፊ፣ እ.ኤ.አ ከ1980 ጀምሮ በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አገልግለዋል። በ1990 ዓ.ም በ60 ዓመት ዕድሜያቸው ከዚህ ዓለም በሞት የተለዩትም በዚያው በፍሎሪዳ ነው። የአገራቸውን ዜማ ለማስረዳት ከደከሙባቸው ዓመታት አብዛኞቹን ያሳለፉት ከአገራቸው ርቀው መሆኑ የሕይወታቸው አሳዛኝ ገጽታ ነው።

እርሳቸው በባዕድ አገር ሲያስተምሩ በወሎ ምድር ዜማው በባለቤቶቹ አፍ መኖሩን ቀጥሎ ነበር። ከወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን የወጡት እንደ ማሪቱ ለገሠ ያሉ ድምፃውያን አምባሰልን በመላ አገሪቱ አስወድደዋል። ምሁሩ የጻፉት የድምፆቹን አሰላለፍ ነው፤ የድምፃዊቷ መርገብገብና የመሰንቆው ምላሽ ግን በኖታ ብቻ ተይዞ አይቀርም። ያለ ጽሑፉም ዜማው በዓለም የትምህርት ማዕድ ላይ ስሙ ባልተጠራ ነበር። አንዱ ሌላውን አይተካም።

በመሆኑም የፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ መታሰቢያ በያሬድ ትምህርት ቤት ታሪክ ውስጥ ብቻ የሚወሰን አይደለም። በሐይቅና በአምባሰል የሚያድግ ልጅ የአያቶቹን ዜማ በሠርግ ቤት ሰምቶ፣ ያው ዜማ በትምህርት ቤትም በስሙ የሚጠራ ዕውቀት ሆኖ ሲጠብቀው የምሁሩ ድካም ፍሬ አፍርቷል ማለት ይቻላል።