መምህርና ደቀ መዝሙር፤ የኦኔሲሞስ ነሲብ ሕይወት

በመምህርነት ሥራ የኖረ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲመጣ ደብተሩንና እርሳሱን ብቻ ይዞ አይመጣም፤ የቤቱን ሐዘን፥ የመንገዱን ፍርሃት፥ የእናቱንም ቋንቋ ይዞ ይመጣል። በጅቡቲ ከተማ በካርቲየ ሰባት የሚያድግ ልጅ በቤቱ ሶማልኛ ወይም አፋርኛ ይሰማል፤ ወላጆቹ ከኢትዮጵያ የመጡ እንደ ሆኑም አማርኛ ወይም ኦሮምኛ እየሰማ ያድጋል። ከትምህርት ቤቱ ደጅ ሲደርስ ግን ትምህርቱ የሚጠብቀው በፈረንሳይኛና በዐረብኛ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ መምህሩ እንዴት አድርጎ ይቀበለው? ለዚህ ጥያቄ ከአንድ መቶ ዓመት በፊት ከዚሁ ጠረፍ ወደ ሰሜን፥ በምፅዋ አጠገብ ያስተማሩ አንድ ኢትዮጵያዊ በሥራቸው መልስ ሰጥተውበታል። እኚህ ሰው ኦኔሲሞስ ነሲብ ናቸው።

ኦኔሲሞስ በ1856 ዓመት ገደማ (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ፥ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፥ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው) በኢሉባቦር፥ በሁሩሙ አጠገብ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሂካ ነበር፤ ትርጓሜውም በኦሮምኛ የሚፈታ፥ የሚተረጕም ማለት ነው። ሕፃኑ ሂካ አራት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞተበት። በ1869 ዓመት ደግሞ የባሪያ ነጋዴዎች ከአገሩ ሰርቀው ወሰዱት። በዚያ ዘመን ከኢትዮጵያ ደቡብና ምዕራብ የተነጠቁ ልጆች በምፅዋ፥ በታጁራና በዘይላ በኩል ወደ ባሕር ማዶ ይሸጡ ነበር። ሂካም ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ስምንት ጌቶች እንደ ተፈራረቁበት ይነገራል። በመጨረሻ ምፅዋ ሲደርስ፥ በ1870 ዓመት ስዊዘርላንዳዊው ቬርነር ሙንዚንገር ነጻ አውጥቶ ለስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሰጠው።

በዚያ የተቀበሉት ሰዎች ምግብና ልብስ ብቻ ሰጥተው አልተዉትም፤ ፊደልም አስተማሩት። በ1872 ዓመት ሲጠመቅ ኦኔሲሞስ ተባለ። ስሙ በሐዋርያው በጳውሎስ መልእክት ከተጠቀሰው አገልጋይ ስም የተወሰደ ነው። ከዚህም በኋላ ወደ ስዊድን ተልከው በዮሐነሉንድ ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ያህል ተማሩ። ትምህርታቸውን ጨርሰው ወደ ምፅዋ ሲመለሱ ምህረት ኃይሉን አገቡ፤ ሐሳባቸውም ሁሉ ወደ ተወለዱበት አገር ገብቶ ማስተማር ሆነ።

ነገር ግን መንገዱ አልተከፈተላቸውም። በመጀመሪያ በሱዳን በኩል ለመግባት ሞክረው በ1882 ዓመት ወደ ካርቱም ተመለሱ። ሁለተኛው ጉዞ እስከ እንጦጦ አደረሳቸው፤ ከዚያ ወዲያ እንዲያልፉ ግን ስላልተፈቀደላቸው በ1886 ዓመት እንደ ገና ወደ ምፅዋ ጠረፍ ተመለሱ። ሁለት ጊዜ ከመንገድ የተመለሰ ሰው ተስፋ ቢቈርጥ የሚፈረድበት አልነበረም። መምህር ኦኔሲሞስ ግን ወደ ተማሪዎቹ አገር መግባት ባይችሉ፥ ከዚያው አገር ተነጥቀው ወደ ባሕሩ ዳር የመጡ ልጆች በእምኩሉ ትምህርት ቤት አጠገባቸው እንዳሉ አስተዋሉ።

ከእነዚህም አንዷ አስቴር ጋኖ ነበረች። አስቴር በልጅነቷ በሊሙ ኤናርያ በባርነት ተይዛ የነበረች ናት። በ1886 ዓመት ወደ ዐረብ አገር ሊሸጧት በጀልባ ሲወስዷት የኢጣልያ መርከቦች ጀልባውን ይዘው አስጣሏት፤ ከሌሎችም ጋር ወደ እምኩሉ ተወሰደች። እንዲህ ያለ መከራ የደረሰበት ልጅ በክፍል ውስጥ ዝም ቢል፥ ቢፈራ፥ የተነገረውን ቢረሳ፥ መምህሩ ስንፍና ነው ብሎ ሊቈጣው አይገባም። ቤተ ሰቡን፥ ቀዬውን፥ ስሙን እንኳ ያጣ ልጅ ከቀድሞ ሕይወቱ የሚቀረው በልቡ የያዘው ቋንቋ ብቻ ነው።

የመምህር ኦኔሲሞስ ታላቅነት እዚህ ላይ ይታያል። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጐም በጀመሩ ጊዜ አንድ ችግር ገጠማቸው። ከአገራቸው የወጡት በልጅነታቸው ስለ ሆነ፥ የሽማግሌ አነጋገር፥ የምሳሌና የተረት ቃል አልጠገቡም ነበር። አውሮፓ ደርሶ የተማረ ሰው ይህን ጕድለት በዕውቀቱ ብዛት ሊሸፍነው ይችል ነበር። እርሳቸው ግን ሳያፍሩ ወደ ተማሪዎቻቸው ዞሩ። አስቴር የቋንቋ ስጦታዋ ከፍ ያለ ነበርና ከእርሳቸው ጋር የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት ጀመረች። በ1893 ዓመት ለታተመው የሐዲስ ኪዳን ትርጕም አነጋገሩን ለማቃናት ይህ ሥራ እጅግ ጠቀመ። እንዲህም ሆኖ ደቀ መዝሙሪቱ ለመምህርዋ መምህርት ሆነች።

አስቴር በተጨማሪ ከልጅነቷ ጀምሮ በልቧ የያዘቻቸውን አምስት መቶ ያህል ተረቶች፥ ምሳሌዎች፥ እንቈቅልሾችና ዘፈኖች በጽሑፍ አኖረች። ከእነዚህም ብዙዎቹ በ1894 ዓመት በእምኩሉ በታተመው የኦሮምኛ መማሪያ መጽሐፍ ገቡ። መጽሐፉ የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ሲሆን፥ የተዘጋጀው ንባብ ለሚጀምሩ ሰዎች ነው።

የዚህን መጽሐፍ አሠራር መምህራን ሁሉ ቢመረምሩት ይጠቀማሉ። ጀማሪ አንባቢ ሁለት ሸክም አለበት፤ አንዱ ፊደሉን ማወቅ ነው፥ ሁለተኛው የተጻፈውን ነገር መረዳት ነው። ንባቡ ልጁ በማያውቀው ቋንቋ፥ ስላላየው አገር የሚናገር ሲሆን ሁለቱ ሸክሞች በአንድ ጊዜ ይጫኑታል። ከእናቱ ወይም ከአያቱ የሰማው ተረት ሲሆን ግን ነገሩን አስቀድሞ ያውቀዋልና የሚቀረው ፊደሉ ብቻ ነው። ቢሳሳትም ምሳሌው እንዴት እንደሚያልቅ ስለሚያውቅ መምህሩ ሳይቈጣው ራሱን ያርማል። እንቈቅልሽም መልስ ስለሚጠይቅ ዝም ያለውን ልጅ ያናግረዋል፤ ዘፈንም ፈሪውን ከጓደኞቹ ጋር አንድ ያደርገዋል። ከዚህም ሁሉ በላይ ልጁ የቤቱን ቃል በመጽሐፍ ታትሞ ሲያየው፥ እርሱና ወገኖቹ የተናቁ እንዳይደሉ ያለ ስብከት ይረዳል። ዕውቀትን ማስጨበጥና ልብን ማጽናናት በአንድ ገጽ ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ዓመት በስዊዘርላንድ፥ በባዝል ከተማ አጠገብ ታተመ። በ1904 ዓመት መምህር ኦኔሲሞስ ከሠላሳ ዓመት በላይ ከተለዩት ሕዝብ መካከል ተመልሰው ወደ ወለጋ ገቡ፤ አስቴር ጋኖም ወደዚያው አገር ሄደው የማስተማርን ሥራ ቀጠሉ። ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፥ በቀድሞ ስማቸው ኩምሳ ሞረዳ፥ መምህሩን በነቀምት ተቀበሏቸው፤ በዚያም ትምህርት ቤት አቋቁመው በኦሮምኛ ያስተምሩ ጀመር።

ይህም ያለ ፈተና አልሄደም። በ1906 ዓመት በሃይማኖት ነገር ተከሰው በአቡነ ማቴዎስ ዘንድ ስደት ተፈረደባቸው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ፍርዱን ለውጠው ወደ ነቀምት እንዲመለሱ ቢፈቅዱላቸውም እንዳይሰብኩ ተከለከሉ። ከዚያ በኋላ ሥራቸውን በማስተማር ብቻ ወሰኑ፤ የስደት ሥጋትም እስከ 1916 ዓመት ድረስ አልተለያቸውም። በዚያ ዓመት ልጅ ኢያሱ እንዲሰብኩ ፈቀዱላቸው። የተከለከሉትን እያሰቡ ከመቈዘም በቀራቸው ሥራ መትጋትን መረጡ፤ ያም የቀራቸው ሥራ ፊደል ማስቈጠር ነበር። መምህር ኦኔሲሞስ ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም. በነቀምት ዐረፉ። አስቴር ጋኖ ከእርሳቸው በኋላ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖረው በ1964 ዓመት ዐረፉ።

የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት ልጅ ትምህርቱን በእናቱ ቋንቋ ቢጀምር እንደሚሻል በ1953 ዓመት ባወጣው ጽሑፍ አስታወቀ። በኢትዮጵያም የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ፈቀደ። የእምኩሉ መጽሐፍ ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ ታትሞ ነበር።

የትምህርት ቤቱን ቋንቋ መምህሩ ብቻውን ሊለውጠው አይችልም፤ በካርቲየ ሰባትም ቢሆን ትምህርቱ የሚሰጠው በታዘዘው ቋንቋ ነው። ዳሩ ግን የልጁን ስም እንደ ወላጆቹ አድርጎ መጥራት፥ በሳምንት አንድ ጊዜ ከአያቱ የሰማውን ተረት ለጓደኞቹ እንዲያወራ መጠየቅ፥ የማያውቀውንም ቃል ከተማሪው ተቀብሎ በሰሌዳ ላይ መጻፍ ከማንም ፈቃድ አይጠይቅም። ኦኔሲሞስ ነሲብ ሥራቸውን የጀመሩት ከዚህ ነበር፤ ከባርነት የወጣችውን ልጅ የምታውቀውን ጠየቋት፥ እርስዋም የነገረቻቸውን መጽሐፍ አደረጉት።