ስብሰባ ላይ የሚያንቀላፋው ጄኔራል

የቶልስቶይን «ጦርነትና ሰላም» ሁለት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። በሦስተኛው ስልኬ ላይ አውርጄ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ጭምር እያነበብኩ ጨረስኩት። እስከ መጨረሻው የጎተተኝ ናፖሊዮን አይደለም፤ ወፍራሙ ሽማግሌ ሚካኤል ኩቱዞቭ ነው።

ኩቱዞቭ በእውን የኖረ ሰው ነው፤ የወታደራዊ መሐንዲስ ልጅ። እ.ኤ.አ. በ1774 ክሪሚያ ላይ፣ በ1788 ደግሞ ኦቻኮቭ ላይ ጭንቅላቱን ተመቶ ሁለቴም ተርፏል፤ ቀኝ ዓይኑ ግን እንደ ዓይን አልሆነለትም። ኢስታንቡልም አምባሳደር ነበር። ቅዱስ እንዳይመስላችሁ ደግሞ፦ ለንግሥት ካትሪን ወጣት ወዳጅ ጠዋት ጠዋት በገዛ እጁ ቡና ያፈላ ነበር ይባላል። ቶልስቶይ ይሄን ጎኑን ብዙም አይነካበትም።

በ1805 ኦስተርሊትዝ ላይ ውጊያው ይቆይ ብሎ ነበር፤ ወጣቱ ንጉሥ ቀዳማዊ አሌክሳንደር ግን ቸኮለ። በመጽሐፉ ውስጥ በዋዜማው ረጅሙ የውጊያ ዕቅድ ሲነበብ ኩቱዞቭ ቁጭ ብሎ ይተኛል። ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት መሪ ነው ብዬ ተናድጄ ነበር። ለካ ነገሩ አስቀድሞ አልቋል፣ የሚሰማውም የለም። በማግስቱ ተሸነፉ፤ ንጉሡም ከዚያ ወዲህ አልወደደውም።

በ1812 ናፖሊዮን ከ400,000 በላይ ጦር ይዞ ሲገባ ግን ያው ንጉሥ ሳይወድ በግድ ሾመው። ቦሮዲኖ ላይ በአንድ ቀን ብቻ፣ ከሁለቱም ወገን ከ70,000 በላይ ሰው እንደሞተና እንደቆሰለ ይገመታል። ከስድስት ቀን በኋላ ፊሊ በምትባል መንደር፣ አንድ ገበሬ ቤት ተሰበሰቡ፦ ሞስኮን እንከላከል ወይስ እንልቀቅ? ቶልስቶይ ስብሰባውን የሚያሳየን ምድጃው ላይ በተቀመጠች የስድስት ዓመት ልጅ ዓይን ነው። ማላሻ ወሬው አይገባትም፤ በልቧ ግን ሽማግሌውን አያቴ ትለዋለች፣ ለእሱም ታደላለች።

አንዴ የወጣ ወጪ አይመለስም፣ ስለዚህ ለቀጣዩ ውሳኔ አይቆጠርም የሚለውን ትምህርት ዩኒቨርሲቲ በቁጥር ነው የተማርኩት። የገባኝ ግን እዚህ ጋ ነው። ቦሮዲኖ ላይ ያ ሁሉ ደም ፈስሶ ከተማዋን ዝም ብሎ መልቀቅ ያማል። ኩቱዞቭ ያሰበው ግን ስለቀረው ነው፤ ከተማ ይመለሳል፣ ጦሩ ካለቀ ግን በቃ አለቀ። እንዲለቀቅ አዘዘ። ቶልስቶይ መሪዎች ታሪክን አይመሩም ብሎ ብዙ ገጽ ይከራከራል፤ እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። ያንን ትእዛዝ አንድ ሰው መስጠት ነበረበት።

ናፖሊዮን በተቃጠለችው ሞስኮ የእርቅ መልስ ሲጠብቅ አምስት ሳምንት ፈጀ፣ ከዚያ ወጣ። ኩቱዞቭ ወሬውን ሌሊት ሲሰማ በመጽሐፉ ውስጥ ያለቅሳል። ጄኔራሎቹ ለሜዳሊያ ሲሉ እንምታው ይላሉ፤ እሱ ግን እየሄደ ላለ ጠላት ወታደሬን አላስጨርስም ባይ ነው። ድንበር ተሻግሮ ማሳደዱንም አልፈለገውም ነበር። ንጉሡ አስገድዶት ተሻገረ፣ በሚያዝያ 1813 ቡንዝላው ላይ ታምሞ ሞተ።

አንድ ነገር ግን አሁንም ይከነክነኛል። ሞስኮ ስትለቀቅ በሺዎች የሚቆጠሩ የሩሲያ ቁስለኞች እዚያው ቀርተዋል፤ ብዙዎቹ በእሳቱ አልቀዋል። በመጽሐፉ ውስጥ ጋሪ ላይ የተጫነውን የቤት ዕቃ አስወርዶ ቁስለኛ ያስጫነው ጄኔራሉ አይደለም፤ እናቷ ላይ የጮኸችው ናታሻ የምትባል ወጣት ናት።