ቫቪሎቭ፦ ዘር ለቃሚው

የአተሩን ሰውዬ ሜንዴልን ሁላችንም ተምረናል፤ አገራችን ድረስ የመጣውን ኒኮላይ ቫቪሎቭን ግን ብዙዎቻችን አናውቀውም። እ.ኤ.አ. በ1887 ሞስኮ ተወለደ፤ በ1927 ኢትዮጵያን በበቅሎ እየዞረ የስንዴና የገብስ ዘር ለቀመ። በገበሬዎቻችን ማሳ ላይ ያየው የዝርያ ብዛት አስደነቀው፤ አገራችንንም ከዓለም የሰብል መገኛ ማዕከላት አንዷ አድርጎ መዘገባት። በሽታ የሚቋቋም የዘር ባሕርይ የሚገኘው እንዲህ ባለ ማሳ ነውና፣ በሐዋሳ የእርሻ ተማሪዎቻችን ይህን ልብ ይበሉ።

በአገሩ ግን ሊሴንኮ የሜንዴልን የዘር ውርስ ትምህርት ካደ፤ ስታሊንም ደገፈው። ቫቪሎቭ በ1940 ታሰረ። ሌኒንግራድ ስትከበብ ባልደረቦቹ እየተራቡ የሰበሰበውን እህል ጠበቁ፤ እሱም በ1943 ሳራቶቭ እስር ቤት ውስጥ በምግብ እጦት ተጎሳቁሎ ሞተ።