ለመንገድና ለእሽቅድምድም፦ የፈርዲናንድ ፖርሽ ሕይወትና ሥራ

አውቶሞቢል ከተፈለሰፈበት ጊዜ አንሥቶ መሐንዲሶችን ሲያከራክር የኖረ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም በእሽቅድምድም ሜዳ ድል የሚያደርግ መኪና በዘወትር መንገድ ላይ ባለቤቱን በሚገባ ሊያገለግል ይችላልን? ወይስ ሁለቱ ተግባሮች የየራሳቸውን መኪና የሚጠይቁ ናቸው? የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ በቃል ሳይሆን በሥራ መልስ ለመስጠት ከሞከሩት መካከል ፈርዲናንድ ፖርሽን የሚያህል ጥቂት ነው። በአገራችን ቮልስ እያልን የምንጠራትን ትንሽ መኪናና በዘመኑ እጅግ ፈጣን ከነበሩት የእሽቅድምድም መኪናዎች አንዱን በአንድ ወቅትና በአንድ ቢሮ ውስጥ ያስነደፈ ይኸው ሰው ነው። ሥራውን አብዛኞቻችን እናውቀዋለን። ሕይወቱን ግን ከነጉድለቱ መመልከት ለሙያችን የሚበጅ ትምህርት ይሰጣል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን እንጠይቃለን።

ፖርሽ የተወለደው ሴፕቴምበር 3 ቀን 1875 በዚያን ጊዜ በኦስትሪያ ሐንጋሪ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር በነበረችው በቦሄሚያ፣ ማፈርስዶርፍ በምትባል መንደር ነው። ስፍራው ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ይገኛል። አባቱ ቆርቆሮ ሠሪ ስለነበር ልጁ የእርሱን ሙያ እንዲወርስ ይሻ ነበር። የልጁ ልብ ግን ወደ ኤሌክትሪክ አዘነበለ። ገና በወጣትነቱ የወላጆቹን ቤት በኤሌክትሪክ መብራት አበራ። በ18 ዓመቱ ወደ ቪየና ሄዶ በአንድ የኤሌክትሪክ ፋብሪካ ተቀጠረ። ከሥራ ሰዓት ውጭ በቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤቱ የሚሰጠውን ትምህርት እየገባ ያዳምጥ ነበር እንጂ በመደበኛ ተማሪነት አልተመዘገበም። በኋላ የቪየናና የሽቱትጋርት ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች የክብር ዶክተርነት ሰጥተውታል።

የመጀመሪያው ታላቅ ሥራው ነዳጅ የሚያቃጥል ሞተር አልነበረውም። ለሎነር ፋብሪካ የነደፈውና በ1900 በፓሪስ የዓለም ኤግዚቢሽን የታየው መኪና የኤሌክትሪክ ሞተሮቹ በራሳቸው በጎማዎቹ እምብርት ውስጥ የተገጠሙለት ነበር። ዳሩ ግን ባትሪው እጅግ ከባድ ሆነ። ስለዚህ ፖርሽ በቤንዚን የሚሠራ ሞተር ኤሌክትሪክ እያመነጨ ጎማዎቹን እንዲያንቀሳቅስ አደረገ። ዛሬ ሃይብሪድ የሚባሉት መኪናዎች መሠረተ ሐሳብ በዚያ ሥራ ውስጥ ይታያል። ክብደት የመኪና ቀንደኛ ጠላት መሆኑንም በዚያን ጊዜ ተረዳ።

በ1906 የኦስትሮ ዳይምለር ኩባንያ የቴክኒክ ኃላፊ ሆነ። በ1910 በልዑል ሃይንሪኽ ስም በተሰየመው የረጅም ርቀት ውድድር የራሱን ንድፍ ራሱ እየነዳ አንደኛ ወጣ። በ1922 ደግሞ ሳሻ የተባለችው 1.1 ሊትር ሞተር ያላት ቀላል መኪናው በሲሲሊ ተራሮች በሚካሄደው የታርጋ ፍሎሪዮ ውድድር በምድቧ አሸነፈች። ትንሽ ሞተር ከትንሽ ክብደት ጋር ሲጣመር በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ምን ያህል እንደሚያስኬድ ይህ ውድድር አሳየ።

ከ1923 ጀምሮ በሽቱትጋርት በዳይምለር ኩባንያ ሲሠራ ግን የተጠየቀው ተቃራኒውን ነበር። በ1928 የወጣው መርሰዲስ ኤስ.ኤስ.ኬ. 7.1 ሊትር የሆነ ግዙፍ ሞተር ነበረው። ኮምፕሬሰር የተባለው የአየር መጭመቂያ የሚሠራው ነጂው የነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ሲረግጥ ብቻ ነበር። በቀረው ጊዜ መኪናው ያለ ኮምፕሬሰር ይጓዛል። በአንድ ሞተር ውስጥ የመንገድና የእሽቅድምድም ጠባይ እንዲህ ተጣመረ። ከዚሁ መኪና ክብደቱ ተቀንሶ የተሠራው ዓይነት በ1931 ሩዶልፍ ካራቾላ እየነዳው በጣሊያን አገር የሕዝብ መንገድ ላይ የሚካሄደውን የሚሌ ሚሊያ ውድድር አሸነፈ። ይሁን እንጂ መኪናው ለባለጸጎች ብቻ የሚሆን ነበር። ፖርሽ ትንሽ መኪና እንዲሠራ ያቀረበው ሐሳብ በኩባንያው ውስጥ ተቀባይነት ስላጣ በዚያው በ1928 መጨረሻ ለቆ ወጣ።

በ1931 በሽቱትጋርት የራሱን የንድፍ ቢሮ አቋቋመ። በዚያው ዓመትም በባሌስትራ ፈንታ የጎማውን ንዝረት በመጠምዘዝ የሚቀበለውን የብረት ዘንግ በስሙ አስመዘገበ። ብዙም ሳይቆይ ሁለት ትእዛዞች ደረሱት። አንደኛው ከአውቶ ዩኒየን ኩባንያ የመጣ የእሽቅድምድም መኪና ሲሆን፣ ሁለተኛው በ1934 ውል የተፈረመበት የሕዝብ መኪና፣ ማለትም ቮልስዋገን ነው።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማነጻጸር ተገቢ ነው። የጊዜው የውድድር ደንብ መኪናው ያለ ነዳጅና ያለ ጎማ ከ750 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ ያዝዝ ነበር። አውቶ ዩኒየን በዚያ ክብደት ውስጥ 16 ሲሊንደር ያለው ሞተር ይዞ በ1936 ወደ 520 የፈረስ ጉልበት ደረሰ። ይህም ለእያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት አንድ ኪሎ ግራም ተኩል ያህል መሆኑ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቮልስዋገኖች ግን ለእያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት ከ27 ኪሎ ግራም ያላነሰ ይደርስ ነበር፤ ሞተራቸው 985 ሲ.ሲ.፣ ጉልበታቸውም 24 ገደማ ነበርና። ሆኖም በሁለቱም የፊት ጎማዎቹ የተያዙት በሚጠመዘዘው ዘንግ ነው። በሁለቱም የኋላ ጎማዎቹ እንደ ክንፍ ከፍና ዝቅ በሚሉ ግማሽ አክስሎች ላይ ተተክለዋል። የሚለያቸው ለማን እንደ ተሠሩ ነው። አንዱ በልዩ ነዳጅ፣ በመካኒኮች ጭፍራና በውድድር መካከል በሚለወጥ ጎማ የሚኖር ነው። ሌላው በረዶ ላይ አድሮ ጠዋት የሚነሣ፣ ባለቤቱ ራሱ የሚጠግነው፣ ቤተሰብ ጭኖ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ያለ ዕረፍት የሚሄድ መሆን ነበረበት።

ይህን ጽሑፍ የሚያቀርበው ሰው ያደገው በደቡብ ወሎ በኩታበር ስለሆነ የዚህን ንድፍ ዋጋ በአገሩ ዳገት መመዘን ይወዳል። ኩታበር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ደጋ ናት። በ2,600 ሜትር ላይ የአየሩ እፍጋት በባሕር ዳርቻ ካለው በ22 ከመቶ ያህል ስለሚያንስ፣ ኮምፕሬሰር የሌለው ሞተር ጉልበቱን በዚያው መጠን ያጣል። የ24 የፈረስ ጉልበት ሞተር ከደሴ ወደ ኩታበር ሲወጣ ወደ 18 ይወርዳል ማለት ነው። ክብደቱ ግን አይቀንስም። ከዚህም በላይ በዚያ ከፍታ ውሃ በ91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚፈላ ራዲያተር ያለው መኪና በዳገት ላይ ቶሎ ይቸገራል። በአየር የሚቀዘቅዘው የቮልስዋገን ሞተር ይህ ሥጋት የለበትም። ሞተሩ በኋላ ጎማዎች ላይ ስለተጫነም በጭቃና በኮረኮንች ዳገት ጎማው መሬቱን አጥብቆ ይይዛል።

ቁልቁለቱ ግን የንድፉን ደካማ ጎን ይገልጣል። እንደ ክንፍ የሚታጠፈው የኋላ አክስል፣ ነጂው በፍጥነት ወደ ጠመዝማዛ ገብቶ በድንገት ነዳጁን ሲለቅ፣ በውጭ በኩል ያለውን ጎማ ወደ ውስጥ ሊያጥፈው ይችላል። ያን ጊዜ የመኪናው ጅራት ይሸሻል። የአውቶ ዩኒየንን መኪና ከሁሉ በተሻለ የገራው፣ ከሞተር ሳይክል ውድድር የመጣው በርንት ሮዘማየር ነበር። እርሱም በጃንዋሪ 1938 ፍጥነት ለማስመዝገብ ሲሞክር በአውራ ጎዳና ላይ ሞተ። አንድ የእሽቅድምድም ጀግና በችሎታው የሚሸፍነውን ጉድለት ከተራው ነጂ ትከሻ ላይ መጣል እንደማይገባ የኋለኞቹ መሐንዲሶች ተረድተው ይህን አክስል ደረጃ በደረጃ ለውጠውታል።

ቮልስዋገን የአንድ ሰው ጭንቅላት ብቻ የወለደው አለመሆኑንም መናገር ያስፈልጋል። ካርል ራበ፣ ሞተሩን የነደፈው ፍራንትስ ክሳቨር ራይምሽፒስና አካሉን የቀረጸው ኤርቪን ኮሜንዳ የቢሮው ምሰሶዎች ነበሩ። የታትራ ኩባንያው ሐንስ ሌድቪንካም ተመሳሳይ ሐሳቦችን ቀደም ብሎ ሠርቶባቸው ነበር።

አሁን ከዚህ ሰው ሕይወት ወደሚከብደው ክፍል እንደርሳለን። የሕዝብ መኪናውን ያዘዘው የሂትለር መንግሥት ነው። ፖርሽም በ1937 የናዚ ፓርቲ አባል ሆነ። 336,000 ያህል ጀርመናውያን መኪናውን ለማግኘት በየሳምንቱ ገንዘብ ቢያጠራቅሙም፣ አንዳቸውም በዚያ ዕቅድ መኪና አላገኙም። ጦርነቱ ሲጀመር ፋብሪካው ለጦር ሠራዊቱ ዞረ። በፋብሪካው ውስጥም የጦር ምርኮኞች፣ ከተያዙት አገሮች በግዴታ የተወሰዱ ሰዎችና የማጎሪያ ካምፕ እስረኞች እንዲሠሩ ተደረገ። ፖርሽ ከፋብሪካው ዋና ኃላፊዎች አንዱ ስለነበር ይህን አያውቅም ነበር ሊባል አይችልም። መኪናው ለማን እንደሚሠራ አጥብቆ የጠየቀ መሐንዲስ፣ በማን ላብና በማን እንባ እንደሚሠራ አለመጠየቁ ከሥራው ታላቅነት ጋር አብሮ የሚወሳ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ በዲሴምበር 1945 ፈረንሳዮች ይዘው አሰሩት። እስከ ኦገስት 1947 ድረስ በእስር ቆይቶ በዋስ ተለቀቀ። የዋስትናው ገንዘብ የተገኘው ልጁ ፌሪ የቺዚታሊያን የእሽቅድምድም መኪና ለመንደፍ ከተዋዋለበት ክፍያ ነው።

የመንገድና የእሽቅድምድም ጥያቄም እልባት ያገኘው በዚሁ ጊዜ ነው። ከጦርነቱ በፊት ቢሮው ከበርሊን እስከ ሮማ ሊካሄድ ለታሰበ ውድድር ከቮልስዋገን አካላት የተሠሩ ሦስት ቀላል መኪናዎችን አዘጋጅቶ ነበር። ውድድሩ በጦርነቱ ምክንያት ሲሰረዝ መኪናዎቹ ለፖርሽ ቤተሰብ መጓጓዣ ሆነው አገለገሉ። ለውድድር የተሠራ መኪና ለዘወትር ጉዞም እንደሚሆን በዚህ ታየ። በጁን 1948 በኦስትሪያ በግሚውንት መንደር የመንገድ ፈቃድ ያገኘው የመጀመሪያው ፖርሽ 356 የዚያ ልምድ ፍሬ ነው። ክብደቱ 600 ኪሎ ግራም አይሞላም፤ ጉልበቱ 35 ነበር። ሞተሩ እንደ አውቶ ዩኒየን ከኋላ አክስል ፊት ተቀምጦ ነበር፤ ይህም ለሚዛን የተሻለ ነው። ነገር ግን ለተጨማሪ መቀመጫና ለጓዝ ቦታ ስላሳጣ፣ ለሽያጭ በተሠሩት መኪናዎች ሞተሩ እንደ ቮልስዋገን ወደ ኋላ ተመለሰ። መኪናው ከሚዛኑ ጥቂት ሠዋ፤ ባለቤቱ ግን ጓዙን ይዞ የሚጓዝበት መኪና አገኘ።

ፖርሽ በ1950 መጨረሻ በጠና ታሞ ጃንዋሪ 30 ቀን 1951 ሽቱትጋርት ውስጥ ዐረፈ። ከአምስት ወር በኋላ በስሙ የምትጠራው መኪና በፈረንሳይ በለማን የ24 ሰዓት ውድድር በ1,100 ሲ.ሲ. ምድብ አሸነፈች። ቮልስዋገኗም እስከ 2003 ድረስ እየተመረተች ከ21 ሚሊዮን በላይ ሆናለች።

ከአባሎቻችን ብዙዎቹ ለመሥሪያ ቤታቸው መኪና እንዲመርጡ ሲጠየቁ የፈረስ ጉልበትና የፍጥነት ቁጥር የሞላበት ወረቀት ይቀርብላቸዋል። እነዚያ ቁጥሮች የሚለኩት ባሕር ወለል ላይ፣ ደረቅ አስፋልት ላይ፣ በሠለጠነ ነጂ እጅ ነው። መኪናው የሚውልበት ስፍራ ከፍታው ምን ያህል ነው? ምን ይጭናል? ማን ይነዳዋል? ሲበላሽስ ማን ይጠግነዋል? እነዚህ ጥያቄዎች ከዋጋው ጋር በአንድ ገጽ ላይ ቢጻፉ ምርጫው ብዙ ጊዜ ይለወጣል።