ቅድስት ወለተ ጴጥሮስና የሐዘን ጓደኛዋ



ከአርባ ምንጭ ወደ ጋሞ ደጋ ሽቅብ ሲወጡ በምትገኘው በገረሴ፣ ኅዳር 21 ቀን ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ሰው ቶሎ ወደየቤቱ አይበተንም። ጎረቤት ጎረቤቱን ይጠራል፤ የጽዋ ማኅበር ያለው ተራ ወደደረሰው ማኅበርተኛ ቤት ያመራል። በእንሰት ተክል የተከበቡት ግቢዎች በነጭ ልብስ ይደምቃሉ። እንዲህ ባለው ቀን ደጇን ገርበብ አድርጋ ከምድጃዋ ሥር የምትቀር አንዲት እናት፣ ወይም ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ማንንም ሳያነጋግር ሹልክ ብሎ የሚወጣ አንድ ጎልማሳ አይጠፋም። ልጅ የቀበረ ነው፤ ጦርነት ያየ ነው፤ ወይም ለሰው ሊያወራው የማይችለው ነገር በዐይኑ ፊት የተፈጸመበት ነው። ዘመድም ጎረቤትም አለው። ያየውን ካላየ ሰው ጋር ተቀምጦ መሳቅ ግን ከብዶታል። የገረሴ ብቻ አይደለም፤ በዓል በመጣ ቁጥር በየአገሩ እንዲህ ያለ ሰው አለ።

ስለዚህ ሰው ስናስብ፣ ከዛሬው በዓል አራት ቀን ቀደም ብሎ ኅዳር 17 መታሰቢያዋ የሚውለው ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ትዝ አለችን። ከገረሴ እስከ ጣና ሐይቅ መንገዱ ረጅም መሆኑን አንዘነጋም። ይሁን እንጂ የጋሞ ደጋ ክርስቲያን ተለይቶ መኖር ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል። በዚያው ደጋ ያለችው ብርብር ማርያም፣ በ16ኛው መቶ ዓመት ጦርነት አገር ለአገር ሲቆራረጥ፣ ከወገን ርቃ ከብራና ወንጌሏ ጋር የቆየች ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ናት። ወለተ ጴጥሮስም የዚያው ጦርነት ዘመን ካለፈ ከ50 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1585 ዓ.ም. አካባቢ፣ የዘር ሐረጋቸው ከደዋሮና ከፈጠጋር ከሚመዘዝ መኳንንት ተወለደች። አባቷ ባሕር ሰገድ፣ እናቷ ክርስቶስ ዕበያ ይባሉ ነበር።

በተድላ አደገች። ለአካለ መጠን ስትደርስም የዐፄ ሱስንዮስ የጦር አለቃና የቅርብ አማካሪ ለነበረው ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች። ሦስት ልጆች ወለደች፤ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱ።

ገድሏ ይህን ሲተርክ፣ የምትወልደው ልጅ እግዚአብሔርን ደስ የማያሰኝ ከሆነ ፈጥኖ እንዲወስደው ትለምን እንደነበረና ልመናዋም እንደተሰማ ይነግረናል። የገድል ጸሐፊ ሥራው የቅድስናን መንገድ ማሳየት ነውና ከዚያ ወደ ምንኩስናዋ ይቸኩላል። እኛ ግን እዚህ ላይ ጥቂት መቆም እንወዳለን። ገና 25 ዓመት ያልሞላት ሴት ሦስት ጊዜ አምጣ፣ ሦስት ጊዜ ክርስትና አስነሥታ፣ ሦስት ጊዜ ባዶ አልጋ ታቅፋለች። ቤቷ በአገልጋይ የተሞላ ነው፤ ባሏ የንጉሥ ባለሟል ነው፤ ወንድሞቿም ባለማዕርግ ናቸው። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ሌሊቱን በጸሎት ቆማ ታድር ነበር፤ ጌጧንና ልብሷንም ለድኻ ትሰጥ ነበር። ሐዘን የገባባቸውን ቤቶች ያየ ሰው ይህን መልክ ያውቀዋል።

ቤቷን ጥላ ከመነኮሳት ጋር ወደ ጣና አካባቢ ስትሸሽ ባሏ ጭፍራ ይዞ ተከታተላት፤ ያስጠጋትንም ከተማ አጠፋ። ድኾች በእርሷ ምክንያት ቤትና ከብት ማጣታቸውን ስታይ ከተሸሸገችበት ወጥታ ወደ ባሏ ተመለሰች። ወደ ፍቅር የተመለሰች አድርገው የሚተርኩ አሉ። እኛ እንደሚመስለን ግን የሌላውን ጉዳት መሸከም ስላቃታት ነው።

ከዚያም በ1609 ዓ.ም. የሆነው ሆነ። የሮማውን ሃይማኖት ወደመቀበል ያዘነበሉትን ንጉሥ በመቃወም በተነሣው ጦርነት የአገሪቱ ጳጳስ አቡነ ስምዖን ተገደሉ። መልክአ ክርስቶስ ከንጉሡ ወገን ዘምቶ ሲመለስ የጳጳሱ ልብሰ ተክህኖ ከምርኮው ጋር ተገኘ። ወለተ ጴጥሮስ በባረኳት አባት ልብስ ላይ ዐይኗ ካረፈ በኋላ ከዚያ ሰው ጋር በአንድ አልጋ መተኛት አልቻለችም። ሞት እስከዚያ ቀን በደጅ የሚመጣ እንግዳ ነበር፤ አሁን ከጓዳ ተገኘ። ዳግመኛ ወጣች፤ አልተመለሰችም። ራሷን ተላጭታ የምንኩስና ቆብ ደፋች።

በአማርኛችን ብሕትውናና ብቸኝነት የሚባሉ ሁለት ቃላት አሉን። ባሕታዊ ወድዶ ከሰው ይርቃል፤ ብቸኛ ግን ሳይወድ ይቀራል። በዚያን ወራት ወለተ ጴጥሮስ በየትኛው እንደነበረች እርሷም ለይታ ታውቅ ኖሯል ለማለት አንደፍርም። የመኳንንት ልጅነቷን ሰውራ እንጨት ትለቅም፣ ውኃ ትቀዳ፣ ከድኾች ጋር ድካም ትካፈል ነበር። ማንም ማን እንደሆነች ባያውቃት ትወድ ነበር። ለተጎዳ ሰው አለመታወቅ ዕረፍት ይሰጠዋል፤ ዕረፍቱ ግን ሲረዝም ሌላ ቀንበር ይሆናል።

ይህን የተመለከቱት አባ ጽጌ ሃይማኖት የተባሉ መነኩሴ ነበሩ። አባ ጽጌ ሃይማኖት ስብከት ብቻ ሰጥተው አላሰናበቷትም፤ ጓደኛ ፈለጉላት። እንደ እርሷ ባሏንና ቤቷን ትታ የመነነች እኅተ ክርስቶስ የምትባል ሴት ነበረች። ሁለቱን አገናኙ። ገድሉ እንደሚተርከው ገና ከሩቅ ሲተያዩ ፍቅር በልባቸው ገባ፤ ሲቃረቡም ከጥንት ጀምሮ እንደሚተዋወቁ ሰዎች ሰላምታ ተለዋወጡ። ከዚያ ቀን ወዲያ ሞት እስኪለያቸው ድረስ ኑሯቸው አንድ ሆነ። ሁለቱ ለብቻቸው ሲሆኑ ምን እንደተባባሉ መጽሐፉ አይዘረዝርም፤ አያስፈልግምም። አንዲቱ የተወችውን ሌላይቱ አታስረዳትም ነበር፤ ሁለቱም ያውቁታልና።

ከዚህ በኋላ የመጣው መከራ ከቀድሞው አያንስም፤ ወለተ ጴጥሮስ ግን ሌላ ሰው ሆና ጠበቀችው። ዐፄ ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት በይፋ ካወጁ በኋላ ሕዝቡ አዲሱን ትምህርት እንዳይቀበል ታስተምር ነበርና ተከስሳ ከችሎት ቀረበች። ከንጉሡ ቁጣ ያተረፋት የዘመዶቿ ምልጃ ነው። ኋላም ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ ሃይማኖቷን እንድትለውጥ ሊያስተምሯት ቢሞክሩ አልሆነላቸውም። በመጨረሻም ሙቀትና ንዳድ ወደበረታበት፣ በሱዳን አዋሳኝ ወዳለው ወደ ዠበይ ተጋዘች፤ ሦስት ዓመትም በዚያ ቆየች።

እዚህ ላይ አንባቢያችን አንድ ነገር እንዲያስተውልልን እንወዳለን። ለግዞት የተላከችው ከሰው እንድትለይ ነበር። ነገር ግን በዚያ በረሃ ከየቦታው የተሰደዱ ሰዎች ፈልገዋት መጡ፤ ከሰባቱ ማኅበራቷ የመጀመሪያው የተመሠረተው በስደት አገሯ በዠበይ ነው። ከዚያ ስትመለስም ጫንቋ፣ ምጽሌ፣ ዘጌ፣ ደምቦዛ፣ አፈር ፈረስ እያሉ ማኅበራቱ ቀጠሉ። የተሰበሰቡት ወንዶችም ሴቶችም፣ ባለጸጎችም ድኾችም ነበሩ። ብዙዎቹ በዚያ የሃይማኖት ጦርነት ወገን የተገደለባቸው፣ ቤት የተቃጠለባቸው፣ ከርስታቸው የተነቀሉ ነበሩ። በአንድ ማዕድ ይቀመጣሉ፤ በአንድ ሰዓት ይጸልያሉ፤ ሥራም ይካፈላሉ። ቁጥጥሯ ጠንካራ እንደነበር ገድሉ አይሸሽግም፤ አንዳንዱ ቅጣቷ ለዛሬ ሰው ጆሮ ይከብዳል። ሆኖም ሰዎቹ አልተዋትም፤ ከቦታ ወደ ቦታ ስትሸሽ ጓዛቸውን ጠቅልለው ይከተሏት ነበር።

በ1624 ዓ.ም. ዐፄ ሱስንዮስ የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐወጁ፤ ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስም ነገሡ። ወለተ ጴጥሮስ ከተሳዳጅነት ወደ ክብር ተሸጋገረች፤ ዐፄ ፋሲለደስም ያከብሯት ነበር። ከዚያ ወዲያ አሥር ዓመት ያህል ኖረች። ይህን የሰላም ዘመን እኛ እንለፈው።

ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. በ50 ዓመት ዕድሜዋ ዐረፈች። ከዚህ ውስጥ 26ቱን ዓመት በምንኩስና አሳልፋለች። እናቷ በተቀበረችበት በጣና ሐይቅ በሬማ ደሴት ተቀበረች። ከመሞቷ በፊት ማኅበሩን አደራ የሰጠችው ለእኅተ ክርስቶስ ነው።

እኛን ከሁሉ በላይ የሚነካን ይህች የቀረችው ሴት ናት። በዚያ ሁሉ ዘመን ሁለት ሆነው የተሸከሙትን አሁን ብቻዋን ልትሸከመው ሆነ። የጓደኛዋ ሞት የመጀመሪያው ሐዘኗ አልነበረም፤ ከዚህ በፊት ግን ሐዘኗን የሚያውቅ ሰው ከአጠገቧ ነበር። ወደ ዋሻ ገብታ ብትዘጋ ማንም አይፈርድባትም ነበር። እርሷ ግን የማለዳውን ደወል ማስደወል፣ እህሉን ማከፋፈል፣ የታመመውን መጎብኘት ያዘች፤ ወለተ ጴጥሮስ ለሰበሰበቻቸው ሰዎች እናት ሆና ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቆየች። በ1641 ዓ.ም. እርሷም ዐረፈች።

ገድሉ የተጻፈው ወለተ ጴጥሮስ ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ ነው። ጸሐፊው ገላውዴዎስ የሰበሰበው ከማኅበሩ አረጋውያን አፍ ነበር፤ ሁለቱን ሴቶች በዐይናቸው ያዩ፣ በእጃቸው የተጎረሱ ሰዎች ገና በሕይወት ነበሩ።

በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ በቆራጣ በስሟ የተመሠረተው ገዳም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን የመማጸኛ ቦታ ሆኖ ኖሯል። ከቅጥሩ የገባ ስደተኛ ወይም ተፈላጊ ሰው አይነካም ነበር።