ጆሞ ኬንያታ፦ ሞምባሳን ያጸኑት፣ የሞያሌን መንገድ ግን ለልጆቻቸው ዘመን የተዉት መሪ

የኬንያ የመጀመሪያው ፕሬዝዳንት ጆሞ ኬንያታ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ኦገስት 22 ቀን 1978 ያረፉት በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ በምትገኘው የወደብ ከተማ በሞምባሳ ነበር።

የኬንያታ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው ከተወለዱበት ከመካከለኛው ኬንያ ደጋ ጋር ተያይዞ ነው። የመሩት አገር ዕጣ ፈንታ ግን በሁለት ጫፎች ላይ የተንጠለጠለ ነበር። አንዱ በደቡብ ምሥራቅ ያለው የሞምባሳ ወደብ ሲሆን፣ ሌላው በሰሜን ከኢትዮጵያ ጋር የምትዋሰነው ሞያሌ ናት።

ኬንያታ ሁለቱንም ጫፎች በኬንያ ካርታ ውስጥ አጽንተው አልፈዋል። ሁለቱን የሚያገናኘው መንገድ ግን እስከ ድንበሩ ድረስ አስፋልት ለመልበስ ከእርሳቸው ሞት በኋላ አራት አሥርት ዓመታት ገደማ መጠበቅ ነበረበት። ይህ መዘግየት የተፈጠረው በአጋጣሚ ሳይሆን፣ በዘመናቸው በተደረገ ምርጫ ነው።

ከአናጺነት እስከ ለንደን

ካማው ዋ ንጌንጊ ተብለው የተጠሩት ኬንያታ የተወለዱት በ1890ዎቹ ገደማ ነው። ትክክለኛው ቀን ተመዝግቦ አልተገኘም። በልጅነታቸው ቶጎቶ በሚገኘው የስኮትላንድ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብተው ማንበብና መጻፍን፣ አናጺነትንም ተማሩ። በ1914 ክርስትና ተነሥተው ጆንስተን የሚለውን ስም ተቀበሉ።

ያደጉበት ዘመን የባቡር ዘመን ነበር። ብሪታኒያ በ1896 ከሞምባሳ የጀመረችው የባቡር ሐዲድ በ1901 ቪክቶሪያ ሐይቅ ደረሰ። ሐዲዱ ወደቡን ከመሐል አገሩ ጋር ሲያገናኝ፣ በዙሪያው ያለው ለም መሬት ደግሞ ለነጭ ሠፋሪዎች ተሰጠ። ኬንያታን ወደ ፖለቲካ የሳባቸውም ይኸው የመሬት ጥያቄ ነበር።

በናይሮቢ ከተማ የውሃ ክፍል ቆጣሪ አንባቢ ሆነው ከሠሩ በኋላ፣ በ1928 የኪኩዩ ማዕከላዊ ማኅበር ዋና ጸሐፊ ሆኑ። በዓመቱ የወገኖቻቸውን አቤቱታ ይዘው በባሕር ወደ ለንደን ተጓዙ። በ1931 ዳግመኛ ወደ እንግሊዝ ሲሄዱ ግን ለዐሥራ አምስት ዓመታት ወደ አገራቸው አልተመለሱም።

ፋሺስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረበት ወቅት ኬንያታ ለንደን ውስጥ ከትሪኒዳዱ ጸሐፊ ሲ ኤል አር ጄምስ ጋር ሆነው ለኢትዮጵያ ድጋፍ የሚያሰባስብ ማኅበር አቋቋሙ፤ በክብር ጸሐፊነትም አገለገሉ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1936 በስደት ለንደን ሲገቡ ከተቀበሏቸው አፍሪካውያን መካከልም ነበሩ። በሁለቱ ሰዎች መካከል የተጀመረው ትውውቅ ከብዙ ዓመታት በኋላ በሞያሌ ዕጣ ላይ የራሱን አሻራ አሳርፏል።

ሰሜኑን በእስረኝነት ማወቅ

ኬንያታ በ1946 በሞምባሳ በኩል ወደ አገራቸው ተመለሱ። በቀጣዩ ዓመት የኬንያ አፍሪካውያን ኅብረት ፕሬዝዳንት ሆኑ። ኦክቶበር 20 ቀን 1952 ቅኝ ገዢው መንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲያውጅ የማው ማው ዐመፅ መሪ ናቸው ተብለው ታሰሩ። ካፔንጉሪያ ላይ በተካሄደውና እስከ ዛሬ በፍትሕ ጉድለት በሚነቀፈው ችሎት የሰባት ዓመት ከባድ እስራት ተፈረደባቸው።

የታሰሩት በሰሜን ምዕራብ ኬንያ በረሃ፣ ለኢትዮጵያና ለሱዳን ድንበር በምትቀርበው ሎኪታውንግ ነበር። በቅኝ ግዛት ዘመን ሰሜኑ ያለ ፈቃድ የማይገባበት የተዘጋ ክልል ነበር። መንግሥት መንገድም ሆነ ትምህርት ቤት ብዙም አልሠራበትም፤ ከሌላው ሕዝብ እንዲርቁ የፈለጋቸውን ሰዎች ግን ይልክበት ነበር። ኬንያታም ኋላ ያስተዳደሩትን ሰፊ ሰሜናዊ ምድር በቅርብ ያወቁት በእስረኝነት ነው።

ሁለቱም ጫፎች የተናጉበት ዓመት

በ1961 ነጻ የወጡት ኬንያታ በጁን 1963 ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ የተረከቧት አገር ድንበሯ ገና አልጸናም ነበር።

ሞምባሳን ጨምሮ ዐሥራ ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የባሕር ዳርቻ በሕግ ደረጃ የዛንዚባሩ ሱልጣን ግዛት ነበር። ብሪታኒያ የምታስተዳድረው በውል ነበር። ከባሕር ዳርቻው ነዋሪዎች መካከል የራስ አስተዳደር የሚጠይቁ ወገኖችም ነበሩ። ኬንያታ በኦክቶበር 1963 ከብሪታኒያ፣ ከሱልጣኑና ከዛንዚባር መንግሥት ጋር በተደረሰ ስምምነት ይህ ግዛት ከነወደቡ የኬንያ አካል እንዲሆን አደረጉ። ይህ ባይሆን ኖሮ አዲሲቱ ኬንያ ባቡር እንጂ ወደብ የሌላት አገር ልትሆን ትችል ነበር።

በሰሜኑም ጥያቄው ከዚህ ያልተናነሰ ነበር። በ1962 የሕዝቡን ፍላጎት እንዲያጠና የተላከው ኮሚሽን፣ የሶማሌ ተወላጆችና ሌሎች ሙስሊም አርብቶ አደሮች በብዛት ከሶማሊያ ጋር መቀላቀል እንደሚሹ፣ በሞያሌና በማርሳቢት አካባቢ ግን በኬንያ ውስጥ መቆየት የሚመርጡ እንዳሉ ተረዳ። ብሪታኒያ ግዛቱን ለሶማሊያ ሳትሰጥ ቀረች።

ነጻነት ከመታወጁ አስቀድሞ ደም ፈሰሰ። በጁን 1963 የኢሲኦሎው አስተዳዳሪ ዳውዲ ዳባሶ ዋቤራ እና የቦረናው ባላባት ሐጂ ጋልማ ዲዶ አብረው ተገደሉ። ኬንያ ነጻነቷን ባወጀች በዐሥራ ስድስተኛው ቀን፣ ዲሴምበር 28 ቀን 1963፣ የኬንያታ መንግሥት በሰሜኑ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። ከኢትዮጵያ ጋር የተደረሰው የመከላከያ ስምምነትም በዚያው ወቅት ጸደቀ። የሶማሊያ የይገባኛል ጥያቄ ያሰጋቸው ናይሮቢና አዲስ አበባ፣ ሞያሌን የጋራ በር ብቻ ሳይሆን የጋራ ምሽግም አደረጓት።

ሰሜኑ የከፈለው ዋጋ

በኬንያ ታሪክ የሽፍታ ጦርነት ተብሎ የሚታወቀው ግጭት እስከ 1967 ቀጠለ። ለአማርኛ ተናጋሪ የታወቀው ቃል በናይሮቢ የመንግሥት መግለጫዎች የአንድ ሕዝብ ፖለቲካዊ ጥያቄ መጠሪያ ሆነ። አርብቶ አደሮች ወታደር በሚጠብቃቸው መንደሮች እንዲሰበሰቡ ሲደረግ ከብቶቻቸው ግጦሽና ውሃ አጥተው አለቁ። ብዙዎች ድንበር ተሻግረው ወደ ኢትዮጵያና ወደ ሶማሊያ ተሰደዱ።

በ1970 የወጣው የካሣ ክልከላ ሕግ በግጭቱ ወቅት የጸጥታ ኃይሎች ለፈጸሙት ድርጊት ክስ እንዳይመሠረት በሩን ዘጋ። ሕጉ ከሸፈናቸው ወረዳዎች መካከል ያን ጊዜ ሞያሌን የሚያካትተው ማርሳቢት እና በባሕር ዳርቻ የሚገኘው ላሙ ይገኙበታል። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁም በሰሜኑ የተነሣው ኬንያታ ከሞቱ ከዐሥራ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1991 ነው።

ገንዘቡ ወዴት ይሂድ?

በ1965 የኬንያታ መንግሥት ዐሥረኛው የምክር ቤት ሰነድ ተብሎ የሚጠራውን የኢኮኖሚ መርሕ አወጣ። በዝግጅቱ ዋነኛ ሚና የነበራቸው የኢኮኖሚ ሚኒስትሩ ቶም ምቦያ ናቸው። የሰነዱ አስተሳሰብ ግልጽ ነበር፤ ድሃ አገር ያላትን ጥቂት ገንዘብ ፈጥኖ ትርፍ በሚሰጥ ቦታ ላይ ታውል፤ ከዚያ የሚገኘው ሀብት በኋላ ለሌላው ይዳረሳል የሚል ነበር።

ፈጥኖ ትርፍ የሚሰጠው ቦታ ዝናብ፣ ለም አፈርና ባቡር ያለው ነው። በመሆኑም ገንዘቡ የሞምባሳን ወደብ፣ ናይሮቢንና ደጋውን ተከትሎ ሄደ። ቡናና ሻይ ወደ ባሕር፣ ነዳጅና ማሽን ወደ መሐል አገር ይጓዝ ነበር። ከኬንያም አልፎ ኡጋንዳ፣ ሩዋንዳ፣ ቡሩንዲና ምሥራቅ ኮንጎ በዚሁ መስመር ይጠቀሙ ነበር።

ጭነቱ በጨመረ ቁጥር የኪሊንዲኒ የመርከብ ማረፊያዎች መጥበብ ጀመሩ። በ1969 የኬንያን፣ የታንዛኒያንና የኡጋንዳን የጋራ ጥቅም የሚያስከብር የምሥራቅ አፍሪካ ወደቦች ድርጅት ተቋቋመ። በ1970ዎቹ ኮንቴይነር የጫኑ መርከቦች መምጣት ሲጀምሩ ደግሞ የወደብ ሥራ ባሕርይው ተለወጠ። ጆንያ በትከሻ የሚራገፍበት ቦታ ከባድ ክሬንና ሰፊ ግቢ አስፈለገው።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ግን ከወደቡ ጀርባ ያለው መንገድ ነበር። ከመርከብ የወረደ ኮንቴይነር በባቡር ወይም በከባድ መኪና ቶሎ ካልተነሣ ግቢው ይሞላል፤ ግቢው ሲሞላ ተከታዩ መርከብ ባሕር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። የወደብ መጨናነቅ በክሬን ብቻ የማይፈታውም ስለዚህ ነው።

ሞምባሳ በኬንያታ እጅ የፖለቲካ ኃይልም ነበረች። በ1976 የኡጋንዳው ኢዲ አሚን በኬንያ መሬት ላይ የይገባኛል ጥያቄ ሲያነሡና ግንኙነቱ ሲሻክር፣ ኬንያ ወደ ኡጋንዳ የሚያልፈውን ጭነትና ነዳጅ አገደች። ባሕር የሌለው ጎረቤት በአንድ ወደብ ላይ ብቻ መመካት ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ ተገለጠለት። በቀጣዩ ዓመት የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ፈረሰ። በ1978 መጀመሪያም ኬንያ የራሷን የወደቦች ባለሥልጣን አቋቋመች።

ድንበሩ ጸና፣ መንገዱ ቀረ

ኬንያታና ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የሁለቱን አገሮች ድንበር የሚወስነውን ውል የተፈራረሙት ጁን 9 ቀን 1970 በሞምባሳ ነበር። በሞያሌ አካባቢ ለዘመናት ያከራከሩ የውሃ ጉድጓዶችም በዚህ ሂደት መፍትሔ አገኙ። አፍሪካ በቅኝ ግዛት ድንበሮቿ ስትታመስ፣ የኢትዮጵያና የኬንያ ድንበር ያለ ጦርነት ጸንቶ መቆየቱ ከኬንያታ ውርሶች መካከል የሚቆጠር ነው።

ናይሮቢንና አዲስ አበባን የማገናኘቱ ሐሳብም በዚያው ዘመን ነበረ። ከኢሲኦሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ግን በጠጠር ቀረ። በዝናብ ጊዜ መኪኖች በጭቃ ተይዘው ይከርማሉ፤ በበጋ ደግሞ ሽፍታ ስለሚያሰጋ በወታደር ታጅበው ይጓዛሉ። ከሞያሌ ተነሥቶ ናይሮቢ የሚገባ የቦረና ከብት ክብደቱን በመንገድ ላይ ጥሎ ይደርስ ነበር። ለሞያሌ ነጋዴ ሞምባሳ የአገሩ ወደብ ብትሆንም፣ ሩቅ ያደረገችው ከርቀቷ ይልቅ መንገዷ ነበር።

ከኬንያታ በኋላ

ኬንያ መርሑን የለወጠችው ዘግይታ ነው። የ2010 ሕገ መንግሥት ወደኋላ ለቀሩ አካባቢዎች የሚውል የማመጣጠኛ ፈንድ ደነገገ። በ2013 ሪፖርቱን ያቀረበው የእውነት፣ የፍትሕና የዕርቅ ኮሚሽን በሰሜኑ የተፈጸመውን በደል በሰነድ አሰፈረ። ሪፖርቱ ከኬንያታ ጀምሮ የተፈራረቁ መንግሥታትን ተጠያቂ አድርጓል።

የሞያሌ መንገድም በ2010ዎቹ አስፋልት ለበሰ። በሞምባሳ በ2016 ሁለተኛው የኮንቴይነር ተርሚናል ሥራ ሲጀምር፣ በ2017 አዲሱ ባቡር እስከ ናይሮቢ ተዘረጋ። ዲሴምበር 9 ቀን 2020 ሞያሌ ላይ የጋራ የድንበር ኬላውን ከጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ጋር የመረቁት የጆሞ ኬንያታ ልጅ፣ ፕሬዝዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ነበሩ። በሜይ 2021 የላሙን ወደብ የመጀመሪያ የመርከብ ማረፊያ የመረቁትም እርሳቸው ናቸው።

የላሙ ወደብ ከታሰበባቸው ዓላማዎች አንዱ የሞምባሳን ሸክም ማቅለልና ኢትዮጵያን በሞያሌ በኩል ከባሕር ጋር ማገናኘት ነው። ከዘጠና በመቶ የሚበልጠውን ገቢና ወጪ ንግዷን በጅቡቲ ለምታስተናግደው ኢትዮጵያ፣ ሁለተኛ በር ማግኘት ትልቅ ጉዳይ ነው።

ጆሞ ኬንያታ ወደቡንም ድንበሩንም ለኬንያ አስቀርተዋል። በመካከል ያለውን ምድርና ሕዝብ ግን ትርፍ ሲገኝ ወደፊት የሚታይ ጉዳይ አድርገው አቆዩት። ዛሬ በላሙም ሆነ በሞምባሳ የሚተከል እያንዳንዱ ክሬን ከጀርባው ያንኑ ምድር ይፈልጋል፤ ሞያሌም ለግማሽ ምዕተ ዓመት ስትጠብቅ የኖረችው ይህንን ነበር።